የኩርባው በረንዳ

ዓመቱን ሙሉ የመጋረጃ ሰፊዋን በር የሚያንኳኳው መጋረጃ የሚያሰፋ ሰውና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር። የውድድሩ ሰሞን ሲደርስ ግን ዘመድ ከየት እንደሚፈላ አይታወቅም።

ምክንያቱ በረንዳው ነው። ከተማው በዓመት አንዴ መሃል መንገዶቹን በኮንክሪት አጥሮ የመኪና ውድድር ያካሂዳል። መኪኖቹ በሰፊው ጎዳና እየበረሩ መጥተው ድንገት የሚታጠፉት መድኃኒት ቤቱ ጋ ባለችው ጠባብ ኩርባ ላይ ነው። መጋረጃ ሰፊዋና አክስቷ ደግሞ የሚኖሩት ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ጎማ ሲጮህና አልፎ አልፎም መኪና ከአጥር ሲላተም ማየት ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ከዚያች በረንዳ አብልጦ የሚያሳይ ቦታ በከተማው የለም።

ስለዚህ በሩ ይንኳኳል። አክስቲቱ ታማ ስትተኛ ዝር ያላሉ ዘመዶች ኬክ ይዘው ይመጣሉ። አምና አንዱ የአጎት ልጅ ነኝ ብሎ መጣ። የየትኛው አጎት እንደሆነ ሲጠየቅ ዓይኑን ወደ በረንዳው ጣል አድርጎ «የታላቅየው» አለ። ያ ቤተሰብ አጎት የሚባል ኖሮት አያውቅም።

ይኼስ ይሁን፤ የባሰው አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። በቤቱ ውስጥ አሁን «ያምናው» ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ የለውም። ውድድሩ ሊደርስ ሲል መጋረጃ አሰፋለሁ ብሎ መጣ፤ መስኮቱን ግን ለክቶ አልመጣም። ዓይኖችሽ አለ፣ ጣቶችሽ አለ፣ ከውድድሩ በኋላ ቁም ነገር እናወራለን አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ልጅም አመነችው። በውድድሩ ዕለት የራሱን ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ መጣና ከሁሉም ፊት ተቀመጠ፤ እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበ፤ ሲያልቅ ወንበሩን አጥፎ ወጣ። ያው እንደወጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ አክስቲቱ ሕግ አወጣች። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የጉምሩክ ፈታሽ ነበረችና ሕግ ማውጣት አይከብዳትም። በውድድር ሰሞን የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ጀርባውን ለበረንዳው ሰጥቶ ይቀመጣል፤ አንገቱን ካዞረ ሻይ አይደገምለትም። ልጅቷ በበኩሏ ሕግ አላወጣችም። ዝም ብላ ማንንም አለማመን ጀመረች።

ዘንድሮ አጥሩ መተከል በጀመረበት ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብርቱካንማ ሰደርያ ያጠለቀ ረዘም ያለ ወጣት ቆሟል። በእጁ ኬክ የለም። አክስቲቱ ይኼን ከሁሉ በፊት አየች፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው የሚያስፈራው የመጣበትን በአፉ ብቻ ሊወስድ ስለሚያስብ ነው።

«እማማ፣ ስለ አንሶላ ጉዳይ ነበር» አለ።

አክስቲቱ በሁለት ነገር ደሟ ፈላ፤ በእማማውም በአንሶላውም።

ሰውየው ወንበር ሳይሰጠው ቆሞ አስረዳ። ከታች ኩርባው ላይ ባንዲራ እንዲይዝ ተመድቧል። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ ቀስ በል ማለት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ነጂ ደግሞ ጨርቁን ሳይሆን ቀለሙን ነው የሚያየው። ስለዚህ በልምምዱና በውድድሩ ቀናት በረንዳው ላይ ቢጫ ነገር ባይሰጣ። አንሶላም ሆነ ፎጣ። ቢቻል ቀይም ባይሆን። ይቅርታም ጠየቀ፤ ለምን እንደጠየቀ ግን ግልጽ አልነበረም።

ከስፌት መኪናዋ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ በከንፈሯ የያዘቻቸውን እስፒሎች ልትውጥ ምንም አልቀራት።

አክስቲቱ ምርመራዋን ቀጠለች። ሥራው ባንዲራ መያዝ እንደሆነ ጠየቀችው። የለም፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ይኼን የሚሠራው በፈቃደኝነት ነው። ያለ ክፍያ? ያለ ክፍያ። አክስቲቱ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት። በጉምሩክ ዘመኗ በነጻ የሚመጣ ነገር ያጋጠማት ድርብ ግርጌ ባለው ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነበር።

«በረንዳውን ወጣ ብለህ ማየት ትፈልጋለህ?» አለችው፣ ወጥመዱን በማር ቀብታ።

«አይ፣ ከታች ሆኜ በደንብ ይታየኛል።»

ይህን ሲል ግን ያየው በረንዳውን ሳይሆን የስፌት መኪናውን ነበር። ልጅቷ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ፈጥኖ ዓይኑን ሰበረ፣ ዞር አለ፣ የበሩን መቃን በትከሻው መታ፣ መቃኑንም ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

«ይኼኛው ከያምናው የባሰ ነው» አለች አክስቲቱ። «ያ ወንበር ይዞ መጣ። ይኼ አንሶላ ይዞ።»

ከዚያ ጀምሮ «ባለ አንሶላው» ሆኖ ቀረ።

ባለ አንሶላው ተመላለሰ። አንድ ቀን ሮዝ ምንም ችግር እንደሌለው ሊነግር መጣ። ሌላ ቀን አረንጓዴን በተመለከተ ትንሽ ማስተካከያ አለኝ ብሎ መጣ። ልጅቷ ደረጃው ድረስ እየሸኘችው፣ ቀለም ሲያልቅበት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ታስብ ነበር። ቀለሞቹ እንዲያልቁ እንደማትፈልግ ስታውቅ በራሷ ተናደደች።

ደረጃው ላይ ነበር የሚያወሩት። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ የአክስቲቱ ነጠላ ጫማ ጫፍ ይታያል። አንድ ቀን ኩርባው ላይ ብቻውን እንደሚቆም ጠየቀችው።

«ሁለት ነን» አላት። «አንዱ የሚመጡትን ያያል፣ ሌላው የሚሄዱትን። የሚሄዱትን የሚያየው ጀርባውን ለሚመጡት መኪኖች ይሰጣል።»

«ዞር ብሎ አያይም?»

«እሱ ከዞረ የራሱን ወገን ማን ያይለታል? አደጋ ከመጣ ጓደኛው ትከሻውን ይመታዋል። እስከዚያ ማመን ነው።»

«አንተ የትኛው ነህ?»

«ጀርባውን የሚሰጠው።»

እንዲህ ሲል አልኮራም፣ አልፈራምም፤ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚያሳይ ይመስል ነበር። ልጅቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ወይ የዋህ ነው፣ ወይ የዋህ መስሎ መታየትን የተካነ ነው፤ ደረጃ ላይ ቆመው ሲታዩ ደግሞ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም።

ከሁሉ በላይ ያልጣማት ሌላ ነገር ነበር። ሰውየው ስለ ውድድሩ ምንም አያውቅም። ማን ያሸንፋል ብላ ብትጠይቀው አሰብ አደረገና «ቀዩ ሳይሆን አይቀርም» አላት። የሚወዳደሩትን ሁሉ ከጋዜጣ ላይ አጥንታ የጨረሰችው አክስቲቱ ከበሩ ኋላ ብቅ ብላ፣ ዘንድሮ ቀይ መኪና የሚባል እንደሌለ ነገረችው። እሱም፣ እንግዲያው ቀዩ አያሸንፍም ማለት ነው ብሎ ተስማማ።

ያን ምሽት አክስትና የወንድም ልጅ እራት ላይ ጉዳዩን አገላብጠው ፈተሹት። ውድድር የማይወድ፣ በረንዳ የማይፈልግ፣ ክፍያ የማይቀበል ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው? አክስቲቱ፣ በውድድሩ ዕለት የአውቶቡስ ጋራዡን ሠራተኛ በሙሉ ነድቶ ሊመጣ ነው አለች። ወይም ቦታውን ለሰው ሸጦታል። ልጅቷ ሦስተኛ ሐሳብ ነበራት፤ ግን ያንኑ አምና ስለ ያምናው ተናግራ ስላፈረች ዘንድሮ በሆዷ ያዘችው።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ቀለሙን ተወውና፣ ምንድነው የምትፈልገው?»

የሰደርያውን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ሳበ። በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ከውድድሩ በኋላ ብነግርሽ አይሻልም?» አላት።

ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። ቃሉ የያምናው ቃል ነው፤ የጎደለው ታጣፊው ወንበር ብቻ ነበር። ደህና ዋል ብላ ገባችና በሩን በቁልፍ ዘጋችው። እሱ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ደረጃው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደነበር አክስቲቱ በቁልፉ ቀዳዳ አይታ አረጋገጠች።

የልምምዱ ቀን ደረሰ። ልጅቷ በዚያ ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናት መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ ቢጫ፣ የፀሐይ ዓይነት ቢጫ። ጠርዙን ቀምቅማ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው። ከታች መኪኖቹ እየጮሁ ያልፋሉ።

ምን እንዳሰበች በኋላ ለራሷም ማስረዳት አልቻለችም። አታላይ ከሆነ ሰበብ አገኘሁ ብሎ እየሮጠ ይወጣል፣ በረንዳውም ላይ ይቀራል ብላለች። እውነተኛ ከሆነስ? ለዚያኛው መልስ አላዘጋጀችም። ብቻ ከውድድሩ በኋላ ሳይሆን ከውድድሩ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርግ ፈለገች።

በረንዳው ላይ ወጣች። ከታች፣ ከኮንክሪቱ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ቆሟል። ሲያያት እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አላት። እሷ መጋረጃውን በበረንዳው መደገፊያ ላይ ጣለችው።

ከሩቅ እየተምዘገዘገ የመጣ ሰማያዊ መኪና ፍሬኑን ረገጠ። የተከተለው ነጭ መኪና ኋላውን ገጨው። ሁለቱም እየተሽከረከሩ ሄደው ከአጥሩ ጋር ተላተሙ፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ከነመብራቱ ወረደ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ልጅቷ መጋረጃውን ጎትታ አስገባችና መሬት ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪና ነበር የምታስበው፤ ውስጡ ሰው እንዳለ አላሰበችም።

ሰዎቹ ተርፈዋል። አንዱ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ሌላው ሄልሜቱን መሬት ላይ እየወረወረ ወጡ። ራዲዮ የያዘ አለቃ መሰል ሰው ሮጦ መጣና ወደ በረንዳው አመለከተ። ልጅቷ በመዝጊያው ስንጥቅ አየች። ባለ አንሶላው አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ። ሰውየው ጮኸበት። ባለ አንሶላው ሰደርያውን አወለቀ፤ እንደ ንጹሕ ልብስ አጣጥፎ አስረከበና ሄደ። ቀና ብሎ አላየም።

ምን እንዳለ የነገራቸው ለወደቀው ሰሌዳው ሊያለቅስ የወጣው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው። «ይኼን ቤት ማስጠንቀቅ ረስቼ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሰው እንዴት ባንዲራ ያስይዛሉ?»

ስለ አንሶላው፣ ስለ ሮዙና ስለ አረንጓዴው በገዛ ጆሮዋ የሰማችው አክስቲቱ ወደ ልጅቷ ዞረች። ቢጫው መጋረጃ ከስፌት መኪናው ሥር ተጠቅልሎ ይታያል። ዝም አለች። ይኼ በጉምሩክም በጡረታም ዘመን ያልታየ ነገር ነው።

የውድድሩ ዕለት ቤቱ በዘመድ ሞላ። የሌለው አጎት ልጅ፣ ዘንድሮ ሚስቱን ጨምሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። አክስቲቱ ሕጓን እንኳ ማስከበር ትታ ሰዓት ታያለች። ልጅቷ በመደገፊያው ጥግ አንድ ወንበር ይዛ ማንም እንዳይቀመጥበት እጇን ጥላበታለች።

«አይመጣም» አለች አክስቲቱ በመጨረሻ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «እኔ ግራ የገባኝ እሱ ነው። አሁን ባንዲራው የለውም፣ የሚቆምበት የለውም፣ ከተማው ሁሉ የሚጋደልበት ቦታ እዚህ ክፍት ሆኖለታል። በረንዳ ፈልጎ ቢሆን አሁን ነበር መምጫው።»

«ታዲያ ምንድነው የፈለገው?»

አክስቲቱ እንደ መጨረሻ ሻንጣ ጉዳዩን ዘርግፋ ፈተሸችው። ድርብ ግርጌ አላገኘችበትም።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች፣ ፊቷን አኮሳትራ። «ሰውየው የምሩን እንዳይሆን ፈርቻለሁ።»

ከታች መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነሱ። ልጅቷ በመደገፊያው ላይ አጎንብሳ፣ ብቻውን የቀረውን ባንዲራ ያዥ ጓደኛህ የት ነው ብላ ጮኸችበት። ባንዲራ ያዡ ወሬኛ ነበርና ያልተጠየቀውንም ጨምሮ መለሰ፤ አውቶቡሱን ይነዳል፣ መንገዱ ስለተዘጋ በእግረኛ ድልድዩ ማዶ በኩል ነው የሚዞረው፣ ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልበላለት ብሏል።

ልጅቷ ከወንበሩ ላይ እጇን አነሳች። በሩ ጋ ሳትደርስ የአጎት ልጅ ሚስት ተቀምጣበታለች።

ከአጥሩ ለመውጣት ያለው መንገድ አንድ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይጋፋል፤ እሷ ብቻ ወደ ውጭ ትጋፋለች። ድልድዩ ሥር ራዲዮ የያዘውን አለቃ አገኘችውና መጋረጃውን የሰቀለችው እሷ እንደሆነች፣ አውቃ እንደሰቀለችው፣ ባንዲራ ያዡ ደግሞ ደጋግሞ እንዳስጠነቀቃት ነገረችው። ሰውየው አፍጥጦ አያት። ቤቷን ጠየቃት፣ ይታሰብበታል አላት፣ አሁን ግን መኪና እየመጣ ስለሆነ ከመንገዱ ገለል እንድትል አዘዛት።

ፌርማታው ላይ አውቶቡሱ ሲደርስ ከፊት በር ገባች። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ መሪውን ይዟል። አያት፤ አየችው። በሩን መዝጋት ረሳ።

«ሹፌር፣ በር» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጠች። ከራሱ በላይ፣ በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል። እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ አከበረችው።

«መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ሲቆም።

«አውቃለሁ።»

«ነፋስ አይደለም፣ መርሳትም አይደለም። አውቄ ነው።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ እኔን አየሽኝ፣ ከዚያ ሰቀልሽው።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጽሑፉን ረሳችው።

«ታዲያ ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አልክ?»

«ስለሆነ ነዋ።» በመስታወቱ አያት። «ቀለም እየቆጠርኩ ከምመላለስ የመጣሁበትን ብናገር ኖሮ፣ መጋረጃው ባላስፈለገሽ።»

«የመጣህበትን እኮ አሁንም አልተናገርክም» አሉ ከወዲያኛው ወንበር ጃንጥላቸውን የተመረኮዙ አሮጊት።

ሹፌሩ ጆሮው ጋለ። መንታ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራቱ ያዘው። ከኋላ ይሰማ የነበረው ወሬ ሁሉ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ይኼ መስመር ዓመቱን ሙሉ የሚያልፈው በእናንተ ቤት ሥር ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል። «ኩርባዋ ለአውቶቡስ ጠባብ ናት፤ ቆም ሳልል አልዞራትም። ቆም ስል ቀና እላለሁ። አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ክር ስታስገቢ አይሻለሁ፣ አንዳንዴ አላይሽም። ውድድር ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። አምና በዚህ በኩል ስዞር ሰነበትኩ፤ ሳምንቱ አልገፋ አለኝ። ዘንድሮ ባንዲራ ያዥ ይፈለጋል ሲባል፣ የቱ ጋ እንደሚያቆሙኝ ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ማንም አላስተዋለም። ከኋላ መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አሰበች። ልቧ እሺ ብሏል፤ ዓመት ሙሉ የገነባችው ጥርጣሬ ግን በአንድ መብራት አይፈርስም።

«ቀና ስትል የምታየው በረንዳውን ነው» አለች። «ምድር ቤት የምኖር ብሆን ኖሮስ?»

«ምድር ቤት ብትኖሪማ» አለ ሹፌሩ፣ «ካቻምና አናግሬሽ ነበር።»

አሮጊቷ መውረጃቸው አልፏቸዋል፤ አላስተዋሉም ቢባል ግን ሐሰት ነው። አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ስብሰባ ያለቀባቸው መስለው፣ ቅር እያላቸው አንድ በአንድ ወረዱ። ከሩቅ፣ ከከተማው መሃል፣ የሞተር ጩኸት እንደ ንብ ይሰማል።

ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መስታወት፣ ያለ ደረጃ፣ ያለ አክስት ተያዩ።

«አሁንም እጠረጥርሃለሁ» አለችው።

«ጠርጥሪ» አላት። «ብቻ እዚችው ወንበር ላይ ሆነሽ ጠርጥሪ። በሰዓቱ መመለስ አለብኝ።»

አልወረደችም።

ይታሰብበታል የተባለው ታስቦበት፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በረንዳው በውድድሩ ሰሞን በግራጫ ሸራ እንዲሸፈን ታዘዘ። ዘመድ የሚባል ሁሉ እንደ ጉም በነነ። አክስቲቱ ወንበሮቹን ወደ ሳሎን አስገብታ እንደ ልቧ ታስቀምጣቸዋለች፤ ከአንዱ በቀር ፊታቸውን ያዞረችው ወደ ግድግዳው ነው። እሱ ላይ የሚቀመጠው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው መጥቶ የዚያን ዓመት ውድድር ማን አሸነፈ ብሎ ሲጠይቅ ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ቀዩ» ትላለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ እስፒሎቹን ከከንፈሯ ሳታወጣ።